ከሰባ ሺህ የተረፈችው

ሰባ ሺህ የሚባለውን ቁጥር ወድጄው አላውቅም። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ፤ የሒሳብ መምህር ደግሞ ሳይታወቀው ከቁጥሮች መሃል የሚወደውና የሚጠላው ይኖረዋል። እኔ የምወደው ብቸኛ ቁጥሮችን ነው፤ ከአንድና ከራሳቸው በቀር ማንም የማይከፍላቸውን ኩሩዎች። ሰባ ሺህ የነሱ ተቃራኒ ነው። ሰባት ትጽፍና አራት ዜሮ ትደረድርበታለህ፤ በቃ። ሲበተን አራት ሁለቶች፣ አራት አምስቶችና አንዲት ሰባት ይወጡታል። ከአንድ ጀምሮ እስከ ራሱ ድረስ ያለ ቀሪ የሚከፍሉት ቁጥሮች ሃምሳ ናቸው። ለሁለት ይካፈላል፣ ለአራት፣ ለአምስት፣ ለሰባት፣ ለስምንት፤ ለመጣ ለሄደው ሁሉ እሺ የሚል፣ አጥንት የሌለው ቁጥር ነው። ለሦስት ግን አይካፈልም። ይህን ሁልጊዜም አውቀው ነበር፤ ነገሬ ብዬው ግን አላውቅም።

እኛ ቤት ሰባ ሺህ የሞት ቁጥር ነው። ሰው ሲሞት ዘመድና ጎረቤት ይሰበሰብና «ላ ኢላሃ ኢለላህ» እያለ ሰባ ሺህ ጊዜ ይሞላል። ለሟቹ የመንገድ ስንቅ ይሆነዋል ተብሎ ነው። ተህሊል እንለዋለን። ሁሉም ሙስሊም ቤት የሚያደርገው አይደለም፤ አባቴ ከአባቱ፣ አባቱ ደግሞ ከአምባሰል ሸሆች የተቀበሉት ልማድ ነው። አቆጣጠሩ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ሰው ሙስበሃ የምንለውን ዘጠና ዘጠኝ ፍሬ ያለውን መቁጠሪያ ይይዛል። አንድ ዙር ሲጨርስ ከክምሩ አንዲት ጠጠር ያነሳና መሃል ወደተዘረጋው ሰሌን ይወረውራል። ጠጠሮቹ ሰባት መቶ ሰባት ናቸው። የመጨረሻዋ ጠጠር ሰሌኑ ላይ ስታርፍ፣ ሰባ ሺህ ሊሞላ ሰባት ብቻ ይቀራል።

እነዚያን ሰባት እንግዳ አይነካቸውም። «የቤቱ ናቸው» ይባላል። የሟቹ እናትና አባት፣ ሚስትና ልጆች፣ ያለ የተረፈው ቤተሰብ፣ በአንድ ድምፅ ይላቸዋል። እኛ ዘንድ ሰው በእርግጥ የሚሞተው ያን ጊዜ ነው። ቀብሩ ላይ ለቅሶና ግርግር አለ፤ ሰባቱ ሲባሉ ግን ቤቱ ጸጥ ይላል፣ ከዚያ በኋላ ስለ ሰውዬው «ነበር» እየተባለ ይወራል።

ጠጠሮቹን በጆንያ አድርጎ የሚያስቀምጠው አባቴ ነበር። ጎረቤት ሐዘን ሲደርስበት ጆንያው ይሄዳል፣ ሲመለስ አባቴ ይቆጥረዋል። የጎደለ እንደሆነ ታናሽ ወንድሜ ሐይቁ ዳር ወርዶ ለስላሳ ለስላሳውን ለቅሞ ይሞላል። ወንድሜ ባጃጅ ነጂ ነበር። ወሬ የማይሰለቸው፣ ተሳፋሪ ባይኖረው ከመስታወቱ ጋር የሚያወራ ሰው። እኔን በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፤ «መምህር» ነው የሚለኝ፣ ያውም እየሳቀ።

አባቴ የሞተው ለውጡ በመጣበት ሰሞን ነው። ሰው ሁሉ ቴሌቪዥን ፊት ተተክሎ አዲስ ነገር ይጠብቃል፣ ወጣቱ ደግሞ በሆነ ባልሆነው መንገድ ላይ ድንጋይ ይደረድራል። የተህሊሉ ዕለት ከደሴ የሚመጡት ዘመዶቻችን መንገድ ተዘጋባቸው። ጎረቤቱም ወሬ ሊሰማ አስፋልት ዳር ወጥቶ ቀረ። ረፋዱ ላይ ጠጠሩን ከበን የተቀመጥነው እናቴ፣ ወንድሜና እኔ ብቻ ነበርን።

«መምህር» አለኝ ወንድሜ፣ «ሰው ባይመጣ፣ ለሦስት ስንካፈለው ስንት ስንት ይደርሰናል?»

«ሃያ ሦስት ሺህ ሦስት መቶ ሠላሳ ሦስት። አንድ ይተርፋል።»

«የምትተርፈዋ የማን ናት?»

«የማንም አይደለችም። ቀሪ ናት።»

«የማንም ካልሆነች የኔ ናት» አለ። «በአንድ እበልጣችኋለሁ። አባቴ ሲጠየቅ፣ ማን አብልጦ ሸኘህ ሲባል፣ ትንሹ ይበል።»

እናቴ ዓይኗ በልቅሶ አብጦ ነበር። «ዝም በል አንተ አመዳም» አለችው፤ ግን ከንፈሯ ፈገግ አለ፣ አይቻታለሁ።

እኔ ልማዴ ነውና በልቤ ማካፈሉን ቀጠልኩ። ሰባ ሺህን ለዘጠኝ ብታካፍለው ሰባት ሺህ ሰባት መቶ ሰባ ሰባት ይደርስና ሰባት ይተርፋል። ለአሥራ አንድም ሰባት ይተርፋል። ለሠላሳ ሦስትም። ለዘጠና ዘጠኝም። ለመቶ አንድ እንኳ ሞከርኩ፣ ያው ሰባት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ሰባ ሺህ ማለት ሰባት ጊዜ ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ፣ ሲደመር ሰባት ነው። እነዚህ ሁሉ ቁጥሮች ያን ባለ አራት ዘጠኝ ያለ ቀሪ ይከፍሉታል፤ ስለዚህ በየትኛውም ብትመጣበት ያቺኑ ሰባት ትቶልህ ይሄዳል። አጥንት የለውም ያልኩት ቁጥር እንዲህ ያለ ግትርነት ነበረው። ለወንድሜ መዳፌ ላይ በስክሪብቶ ጽፌ አሳየሁት።

«አንተ ለቅሶ ላይም ታካፍላለህ» አለኝ።

ከሰዓት በኋላ መንገዱ ተከፈተ፣ ሰው ግልብጥ ብሎ መጣ፣ ጠጠሩም አለቀ። ሰባቱን ሦስታችን አልናቸው። ወንድሜ አራተኛው ላይ ድምፁ ተቆረጠና አምስተኛው ላይ ደረሰብን።

ጦርነቱ ወደኛ ሲመጣ ስንሰማው ከርመን ነበር፤ መጣ መጣ ሲባል ደግሞ ጆሯችን ለምዶት እውነት የመጣ ዕለት ቆመን ቀረን። እናቴ የደም ግፊት አለባት። መድኃኒቷ ሐይቅ ውስጥ ካሉት ፋርማሲዎች ሁሉ ጠፋ። ወንድሜ ከየት እንዳገኘ እንጃ፣ ባጃጁን ቤንዚን ሞልቶ በጠዋት መጣ። «ደሴ ደርሼ ላምጣልሽ፣ ለአሱር እዚህ ነኝ» አላት። እሷ አይሆንም አለች፣ እሱ ባጃጁን አስነሳ። ከሰዓት በኋላ የከባድ መሣሪያ ድምፅ ተሰማ፤ የአሱር ሶላት ስንሰግድ መስኮቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። በማግስቱ ከተማው በሌሎች እጅ ነበር። ስልክ ጠፋ፣ መብራት ጠፋ፣ መንገዱም ተዘጋ።

ስለዚያ ጊዜ ብዙ የማወራው የለኝም። ሰዎች ሲያወሩ እሰማለሁ፣ ሲያለቅሱም አያለሁ፤ እኔ ግን የማስታውሰው ጥቂት ነገር ነው። ተቀምጠህበት እንደደነዘዘ እግር ነበርኩ፤ አለ፣ ግን የኔ አይመስለኝም። አንድ ቀን የታጠቁ ሰዎች ቤታችንን ሊፈትሹ ገቡ። አንደኛው ጆንያውን ሲያነሳው ከበደው፤ የተደበቀ ነገር ያገኘ መስሎት ግቢው መሃል ዘረገፈው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የሞተ ሰው መቁጠሪያ ነው» አልኩት።

አየኝ፣ ጠጠሩን አየ፣ ወጣ። ፍርሃት ሊሰማኝ ይገባ ነበር፤ ምንም አልተሰማኝም። ጎረቤታችን፣ በየዓመቱ ለግሸን ማርያም ንግሥ የምትወጣዋ ሴትዮ፣ አጥሩን ዞራ መጣችና ከኔ ጋር ተንበርክካ ጠጠሩን ለቀመች። ስንቆጥረው ጥቂት ጎደለ። «ልጁ ሲመጣ ይሞላዋል» አለች። እሺ አልኳት።

ከተማው ተመልሶ ሲያዝና መንገድ ሲከፈት ባጃጁን አገኘነው። ሐይቅና ደሴ መሃል፣ አስፋልቱ ዳር፣ ጎማውና ወንበሩ ተወስዶ ቆሟል። ፊቱ ወደ ገደሉ ዞሯል፤ እየሄደ ይሁን እየተመለሰ ማወቅ አይቻልም። ደም የለም፣ ልብስ የለም፣ መድኃኒትም የለም። በዚያ መስመር ብዙ ሰው መቀበሩን ነገሩን፤ ማን የት እንደተቀበረ የሚያውቅ ግን አልነበረም። ስልክ ሲመለስ ቁጥሩ ላይ ደወልን፤ ዝግ ነው። እናቴ ለረጅም ጊዜ መደወሏን አልተወችም። ደውላ የቴሌዋ ሴትዮ «ሊያገኟቸው አይችሉም» ስትላት እስከ መጨረሻው አዳምጣ ነው የምትዘጋው።

ትምህርት ቤትም ተከፈተ። ዴስኩ ማገዶ ሆኖ ስለነበር ልጆቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነው ያስተማርኳቸው። የመጀመሪያው ትምህርት የአካፋይነት ሕግ ነበር። አንድ ቁጥር ለሦስት መካፈሉን ለማወቅ አሃዞቹን ደምሩ፤ ድምሩ ለሦስት ከተካፈለ ቁጥሩም ይካፈላል። ይህን ሳስተምር ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስለኝ ነበር። ልጆቹ ሳቁ፣ ጻፉ፣ ተሳሳቱ። ቤቴ ገብቼ ደብተር አረምኩ። እንዴት ነህ ሲሉኝ «አልሐምዱሊላህ» እላለሁ፣ ማለቴንም አላስታውስም።

አንድ ዓመት ሲያልፍ ዘመዶቻችን መጠየቅ ጀመሩ። መቼ ነው ተህሊሉ? እስከ መቼ ነው ልጁ ስንቅ ሳይያዝለት የሚቆየው? የአባቴ ወዳጅ የነበሩት ሸህ ራሳቸው መጥተው እናቴን አነጋገሯት። በጉልበት የሚሆን ነገር እንዳልሆነ ነገሯት፤ ግን እሳቸውም እንደ ዘመዶቹ ይደረግ ባይ ነበሩ። እናቴ አዳምጣ «እስቲ ላስብበት ሸህዬ» አለቻቸው።

በማግስቱ ምስር እየለቀመች ጠራችኝ።

«አንተ ሒሳብ ታውቃለህ» አለችኝ። «ኸዚህ ሰባ ሺህ ውስጥ ሙሉም ጎዶሎም የሆነ ቦታ የለም?»

«እንዴት ያለ ቦታ፣ እማ?»

«ሞቶ እንደሆን ስንቁ እንዳይቀርበት። አለ እንደሆን ደግሞ በገዛ አፌ እንዳልገለው።» ምስሩን ማንጓለሏን አላቋረጠችም። «ለኔ መድኃኒት ብሎ ነው የወጣ። አፌን ኸፍቼ ሞተ ልበለው?»

ቁጥር ወይ ሞልቷል ወይ አልሞላም፤ ተማሪ ቢጠይቀኝ የምመልሰው ይህንን ነው። እናቴን ሳያት ግን ይህን ማለት አቃተኝ።

«ጠጠሮቹ ሲያልቁ» አልኳት፣ «ስልሳ ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ሦስት ይሆናል። የሰው ድርሻ እዚያ ላይ ያበቃል። የሚቀረው የቤቱ ብቻ ነው። እኛ እሱን ካላልነው ሰባ ሺህ አይሆንም።»

«ሰባቱ?»

«አዎ፣ ሰባቱ።»

ምስሩን አስቀመጠችና «እንግዲያ ይምጡ» አለች።

ሰዉ ቤቱን ሞልቶ ወደ ግቢው ፈሰሰ። ከጂዳ የተመለሰችው የአክስቴ ልጅም መጥታ ነበር። እሷ እዚያ ተምራ መጥታ ይህ ጠጠር መወርወር መሠረት የሌለው ነገር ነው ትላለች፤ ከኛ ጋር ስትከራከር ከርማለች። ያን ዕለት ግን ጣቷ ላይ የምታስረውን ሲጫኑት የሚቆጥር መቁጠሪያ አውልቃ ከሽማግሌዎቹ አንዱን ሙስበሃ ለመነችና ከማንም በላይ ቆጠረች። ጉንጯ ላይ የሚወርደውን እንባ አልጠረገችም። እኔም እቆጥር ነበር። ዘጠና ዘጠኝ፣ ጠጠር። ዘጠና ዘጠኝ፣ ጠጠር። የጎደሉትን ጠጠሮች በጠዋት ሐይቁ ዳር ወርጄ የሞላኋቸው እኔ ነኝ፤ አዲሶቹ ከአሮጌዎቹ መሃል ነጣ ብለው ይታያሉ። የአባቴን ተህሊል ያልኩበት ቤት፣ ያው ሰሌን፣ ያው ቃል። የወንድሜን ፊት ላስብ ሞከርኩ፤ የመጣልኝ የባጃጁ መስታወት ነው።

የመጨረሻዋ ጠጠር ወደቀች። ሸሁ ወደ እናቴ ዞሩ።

«በይ እንግዲህ የቤቱን።»

እናቴ እጇን እጇን አየች። ሰዉ ጠበቀ። አንድ አጎቴ ጉሮሮውን ጠራረገ፤ ሌላው ወደኔ አየ። እኔ ሙስበሃዬን ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩት።

«ሰባቱ አሉ?» አሉ ሸሁ ቀስ ብለው።

«አሉ፣ ሸህዬ።»

«የት አሉ?»

«እኔ ዘንድ።»

ሸሁ ሰሌኑ ላይ ያለውን ክምር ብዙ አዩት። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። «አማና ነው እንግዲህ፣ የአላህ አደራ፤ ያዢው» አሉና ለዱዓ እጃቸውን አነሱ። በዱዓው ውስጥ ለሞተ ሰው የሚባለውን «አላህ ይርሀመው» አላሉም። «የትም ይሁን የት፣ አላህ ካለበት ይድረስለት» አሉ፣ ሰዉም አሚን አለ።

ሲበተኑ አንዳንዶቹ አጉረመረሙ። በኋላ ሰፈሩ ለመደው። እናቴ ስለ ወንድሜ «ይወዳል» እንጂ «ይወድ ነበር» አትልም፤ ሰውም እሷ ፊት እንደሷ ያወራል።

ከዚያ ሰላም ወረደ ተባለ። የታሰሩና የጠፉ ሰዎች አንድ አንድ እያሉ መመለስ ጀመሩ። የሞተ ነው ተብሎ ሰደቃ የወጣለት ሰው ከሚኒባስ ሲወርድ የታየበት ጊዜ ነበር፤ ከተማው ሁሉ ሮጦ ነው ያየው። እናቴ ያን ሰሞን ጠዋት ጠዋት ነጠላዋን ለብሳ መናኸሪያ ትወጣና ከወልዲያም ከደሴም የሚመጡትን ቆማ ታያለች። ረዳቶቹ ስለሚያውቋት ወንበር ያወጡላታል። ለምሳ ትመለሳለች። «ዛሬ ሰው ብዙ ነበር» ትለኛለች፣ ወይም «ዛሬ መኪናው ጥቂት ነው»። የሚመለሰው ሰው እየቀነሰ ሄደ። በመጨረሻ የሚመለስ መምጣቱ ቀረ፤ እሷም መውጣቷን ተወች። ለምን ተውሽ አላልኳትም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ «ሐይቁ ዳር ውሰደኝ» አለችኝ። ወንድሜ ጠጠር ከሚለቅምበት ቦታ ጋቢዬን አንጥፌላት ተቀመጠች። ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን እየጎተቱ ይጮሃሉ። ውሃው ዝም ብሏል። እናቴ ሙስበሃ አልያዘችም፤ ቀኝ እጇን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች።

«ላ ኢላሃ ኢለላህ» አለችና ትንሿን ጣቷን አጠፈች።

ምን ልታደርግ እንደሆነ የገባኝ ሁለተኛዋን ስታጥፍ ነው። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ጣቶቿን ተከተልኩ። ሦስት። አራት። አምስት። ቀኝ እጇ ሞላ። ከግራዋ አንዲት አጠፈች። ስድስት።

መቁጠሯን አቆመች።

ጠበቅኋት። ውሃውን እያየች ነው። ደከማት መሰለኝ፣ የተሳሳተች መሰለኝ።

«እማ፣ አንድ ቀርቷል።»

«አውቃለሁ» አለችኝ።

«ታዲያ?»

«ያቺማ የሱ ናት። አባቱ የሞተ ጊዜ የምትተርፈዋ የኔ ናት አላለም? አንተው ነህ የቆጠርክለት።» ጣቶቿን እንደታጠፉ ይዛቸዋለች። «እኔ የኔን ሰጠሁት። ሰዉም ሰጠው። የሱን ግን አልነካበትም። ሞቶም እንደሆን እዚያው ይላታል። አለም እንደሆን መጥቶ ይበላት።»

ያን ጊዜ አለቀስኩ። ባጃጁን ባየሁ ቀን ያላለቀስኩትን፣ ጠጠሩ ሲፈስ፣ ሸሁ እጃቸውን ሲያነሱ ያላለቀስኩትን፣ ዓሣ አጥማጆቹ ዞረው እስኪያዩኝ አለቀስኩ። እናቴ ጠበቀችኝ። እንባዬ ጋብ ሲል ጭንቅላቴ የለመደውን ሥራ ሲሠራ አገኘሁት። ስልሳ ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ። ስድስትና አራት ዘጠኞች፤ ድምሩ አርባ ሁለት። አርባ ሁለት ለሦስት ይካፈላል።

«እማ» አልኳት፣ «እንዲህ እንዳለ ለሦስት ይካፈላል። ሰባ ሺህ አይካፈልም፤ አንዷ ስትቀር ግን ይካፈላል። ለያንዳንዳችን ሃያ ሦስት ሺህ ሦስት መቶ ሠላሳ ሦስት። ምንም አይተርፍም።»

ፊቷን ወደኔ መለሰች።

«ለሦስት ስትል፣ እሱንም ቆጥረህ ነው?»

«አዎ፣ እሱንም ቆጥሬ።»

«እንግዲያ ይቆይ» አለች፣ እጄን ይዛ ተነሳች።